የፓዌ እርሻችን ከየት ተጀመረ?

አባቴ ካረፈ ዓመት ሞላው። ለሙት ዓመቱ መተከል ውስጥ ወዳለችው ፓዌ በሄድን ጊዜ ወንድሜ አንድ አደራ ጣለብኝ፤ የእርሻችንን ታሪክ እንድጽፍ። መሬቱን አሁን የሚያርሰው እሱ ነው። ልጆቹ እርሻው ከየት እንደመጣ አያውቁም። እኔም ብሆን የማውቀው በልጅነት ዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ተመልሼ የመተከል ልጆች በምንገናኝበት የውይይት መድረክ ላይ ጥያቄዬን ለጠፍኩ።

የጻፍኩት ይኼን ነበር። አባቴ በ1977 ከወሎ በሰፈራ መጣ። ደርግ በድርቅ የተጎዳውን ሕዝብ ወደ ምዕራቡ አገር ሲያጓጉዝ ማለት ነው። ፓዌ ሲደርስ የጠበቀው ባዶ ጫካ ነው። ጫካው ተመነጠረ፣ እርሻ ተጀመረ። ጣሊያኖች ትራክተር ይዘው መጡ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሄዱ። አባቴ በዶማ ቀጠለ። ስለዚህ የእርሻው ታሪክ የሚጀምረው በ1977 ነው፤ ያቆመውም የሰፋሪው ክንድ ነው አልኩ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቅኩ። ጫካውን የመነጠረው ማን ነው? መንደሮቻችን ለምን በቁጥር ተጠሩ? ትራክተሮቹስ የት ገቡ?

27 መልስ መጣ። አንዳንዱ አስለቀሰኝ፣ አንዳንዱ አናደደኝ። ወንድሜ ኢንተርኔት ላይ ብዙም ስለማይቆይ ለእሱ ብዬ የጻፍኩትን እነሆ ለእናንተም አካፍላለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ከአንድ የከምባታ ልጅ ነው። መጀመሪያ በአባቴ ሞት አጽናናኝ። ቀጥሎ በጨዋ ቋንቋ ወሎን ብቻ መጥቀሴን አረመኝ። ከከምባታና ከሀዲያ የመጣው ሰውም ብዙ ነው። እነሱን ያመጣቸው የመሬት ጥበት ነው። ትንሿን ማሳ ከወንድሞቻቸው ጋር ከመካፈል ሰፊ መሬት አለ የተባለበትን አገር መርጠው የተመዘገቡ ወጣቶች ነበሩባቸው። ከሰሜን ሸዋ፣ ከጎንደርና ከጎጃም የመጡም ነበሩ። እውነቱን ነው። እኛ ቤት ጎረቤቶቻችን ሀዲያዎች ነበሩ፤ እናቴ ቆጮ መብላት የለመደችው ከእነሱ ነው። እንዴት ረሳሁት?

2ኛው ጸሐፊ ሰላምታም አልሰጠ። የዘመኑን ቅደም ተከተል ለይቼ እንዳላስቀመጥኩ ነገረኝ። ሰፋሪው መግባት የጀመረው በ1977 ነው። በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የተከፈተው የጣና በለስ ፕሮጀክት፣ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ የሠራው፣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጣሊያኖቹ ሲደርሱ ሕዝቡ ጎጆ ውስጥ ገብቶ፣ ወባ ይዞት፣ የሞተውም ሞቶ ነበር። የመጀመሪያውን ጎጆ ማን እንደሠራው ጠይቂ ብሎ አለፈ።

መልሱ ብዙ አልቆየም። 3ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በ1977 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። በዚያ ክረምት ተማሪና አስተማሪ ለሰፋሪው ቤት እንዲሠራ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ዘምቷል። እሳቸው የደረሳቸው መተከል ነው። ብዙዎቹ የከተማ ልጆች ነበሩ። ቀርከሃ መቁረጥ፣ ሣር ማጨድ፣ ክዳን መክደን የሚያውቅ ከመካከላቸው ጥቂት ነው። ዝናቡ አያባራም። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። የሠሩት ጎጆ ገና ሰው ሳይገባበት ያፈስስ ነበር። አንድ ቀን አንድ የወሎ ሽማግሌ የክዳኑን ሣር ከእጃቸው ተቀብለው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ እንዴት እንደሚታሰር አሳዩዋቸው። ከዚያ በኋላ እሳቸው ሣር አቀባይ ሆኑ፣ ሽማግሌው ከዳኝ። መምህሩ ወባ ይዟቸው ተመለሱ። ያንን ሽማግሌ ግን እስከዛሬ እንደሚያስቧቸው ጻፉ። አባቴ ያኔ ሽማግሌ አልነበረም። ቢሆንም ይህን ሳነብ ያየሁት እሱን ነው።

በ4ኛው መልስ የመንደር ቁጥር ጥያቄዬ መልስ አገኘ። 48 መንደሮች ተቆርቁረዋል። መንደሮቹ የተከፋፈሉት በበለስ ወንዝ ግራና ቀኝ ነው፤ በዕቅዱ ላይ በላቲን ፊደልና በቁጥር ተመዘገቡ። ለጊዜው የተባለው ቁጥር አድራሻ ሆኖ ቀረ። ዛሬም የፓዌ ሰው የት ነህ ሲባል ቁጥር ይጠራል። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ የአገር ልጅ ሳገኝ የስንተኛ መንደር ልጅ ነህ ነው የምለው። ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ይገርመዋል፣ ለእኛ ግን የእናት ስም ያህል ነው።

5ኛው ረጅም ነው። ጸሐፊው በልጅነቱ ከአባቱ ጋር የጋራ እርሻ ላይ ይውል ነበር። ሰፋሪው ገበሬ ሆኖ መጣ፣ ፓዌ ሲገባ ግን ገበሬነቱ ቆመ ይላል። ማሳው የማኅበር ነው። የሚዘራውን የሚወስኑት ባለሙያና ካድሬ ናቸው። ትራክተር ያርሳል፣ ኮምባይነር ያጭዳል። ሰው ያርማል፣ ይሸከማል። በሠራበት ቀን ነጥብ ይያዝለታል። ምግቡ ከመጋዘን በራሽን ይመጣል። የራሱ የሆነው ከጎጆው ጀርባ ያለች ጓሮ ብቻ ናት። አባቱ የልቡን ሥራ የሚሠራው እዚያች ጓሮ ላይ ነበር። ሌሊት ተነስቶ፣ ደወል ሳይደወል በፊት፣ በቆሎውን ኮትኩቶ ይጨርስ ነበር።

የበሬ ነገርም አለ። ደገኛ ያለ በሬ ምን ገበሬ ነው? ግን ፓዌ ቆላ ነው። የቆላ ዝንብ አለ። ዝንቡ የሚያመጣው የገንዲ በሽታ በሬውን ይጨርሰዋል። ፕሮጀክቱ ትራክተር ላይ ሙሉ ለሙሉ የተመሠረተበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ አስረዳ። ዕዳው የታየው ትራክተሩ ሲቆም ነው አለ። አኩሪ አተርም የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። ሴቶቹ እንደ ባቄላ ቀቅለውት አልበስል ሲላቸው፣ ሽታውም አልጥም ሲላቸው፣ የደፉበት ቀን እንደነበር ነገረን።

እስከዚህ ድረስ ውይይታችን ያምር ነበር። 6ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊዋ እርሻ ተጀመረ የሚለውን ቃሌን አልወደደችውም። የአያቷ ወንድም የእርዳታ እህል ሊቀበል ከቤቱ እንደወጣ ነው የቀረው። ከሰልፉ ላይ ወስደው መኪና ላይ ጫኑት። ሚስቱ ለሁለት ዓመት ሞቷል ብላ አለቀሰች። እሱ ግን ፓዌ ነበር። የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ1978 ከአገር የተባረሩት ይህን የግዳጅ ሰፈራ ስለተቃወሙ መሆኑንም አስታወሰች። ሰው በጉዞ ላይ፣ በመጠለያ፣ በመጀመሪያው ክረምት እንደ ቅጠል ረግፏል። ይህን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር በሰፈራ መጣ ብዬ ማለፌ እንዳመማት ጻፈች። ልክ ናት። አባቴ በፈቃዱ ነው ወይስ በግድ የመጣው? አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

7ኛው ሰው ቱግ አለ። እሱ በሕይወት ያለው በዚያ ሰፈራ ነው። ሁለት እህቶቹ ወሎ ውስጥ በረሃብ ሞተዋል። እናቱ እሱን አዝላ መኪና ላይ የወጣችው ማንም ሳያስገድዳት ነው። ጠግቦ ያደገ ሰው ስለ ረሃብ ዘመን ባይፈርድ ይሻላል ብሎ 6ኛዋን ተናገራት። እሷም ወዲያው የአያቷ ወንድም ጠግቦ እንዳላደገ መለሰችለት። በ8ኛነት ገብቼ ሁለታችሁም የቤተሰባችሁን ነው የነገራችሁን፣ ሁለቱም ሆኗል አልኩ። ያኔ ማለት የነበረብኝ ግን ሌላ ነው። ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ልጠይቃት ይገባ ነበር። አሁን ጠይቄያታለሁ።

9ኛው ቁጥር ይወዳል። በዚያ ዘመን በመላ አገሪቱ ወደ 600,000 ሰው ተጓጉዟል፤ ዕቅዱ 1.5 ሚሊዮን ነበር። ፓዌ የገባው ወደ 80,000 ይጠጋል። ፕሮጀክቱ ከቆመ በኋላ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወጥቷል። የ6ኛዋም የ7ኛውም ታሪክ ከዚህ ቁጥር ውስጥ ይገባል ብሎ ጸቡን አበረደው።

ከ10 እስከ 13 ያለው ከርዕሱ ወጣ። አንዷ ነርስ የፓዌን ሆስፒታል አነሳች። በጣሊያኖቹ ጊዜ የተሠራ ነው፤ ዛሬም ከሩቅ ወረዳ ታማሚ ይመጣበታል። እሷም እኔም የተወለድነው እዚያ ነው። ሌላው የማንጎውን ነገር አመጣ። የፓዌን ማንጎ ያልበላ ማንጎ በላሁ አይበል ብሎ የጫግኒን ልጆች አስቆጣ። የመንገድ ዋጋ የጠየቀም አለ። ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ከ6 እና ከ7 በኋላ ሁላችንም ትንሽ መተንፈስ ፈልገን ነበር።

14ኛው መልስ ግን ውይይቱን ከሥሩ ነቀለው።

ጸሐፊው ጉሙዝ ነው፤ ከእኛ በፊት በመሬቱ ላይ የነበረው ሕዝብ ልጅ። ሰላምታው ረጅም ነው፣ የሟቹን ነፍስ ይማር ይላል። ከዚያ ባዶ ጫካ ያልኩትን አንስቶ፣ አንድ በአንድ አስረዳኝ። ጉሙዝ መሬትን አርሶ አርሶ አያደክመውም። ጥቂት ዓመት ማሽላ ይዘራበታል፣ ከዚያ ትቶት ወደ ሌላው ይሄዳል። የተተወው መሬት ሣር ያበቅላል፣ ቁጥቋጦ ይሆናል፣ ዛፍ ይመለስበታል። ኃይሉ ሲመለስ ሰውም ይመለስበታል። ከደጋ ለመጣ ሰው፣ በሄሊኮፕተር ለሚያይ ባለሥልጣንም፣ ያ መሬት ጫካ ነው። ለአያቱ ግን ያረፈ ማሳ ነበር። ጫካ የሚመስለው ሌላውም ቢሆን ሥራ ነበረው። ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ባለቤቱ ይታወቃል። ማደኛው ይታወቃል። ዓሣ የሚጠመድበት የወንዝ እጥፋት ይታወቃል። በረሃብ ጊዜ የሚቆፈረው ሥር የት እንዳለ ይታወቃል። ዶዘር ሲመጣ ይህ ሁሉ በአንድ በጋ ተጠረገ። አያቱ ቤታቸውን ነቅለው ራቅ ወዳለ ቦታ ሄዱ። ማንም አልጠየቃቸውም፣ ማንም ካሳ አልሰጣቸውም። መንደሮቹ ለምን ቁጥር ሆኑ ላልሽው፣ ስማቸውን የሚያውቀውን ሰው የጠየቀ ስላልነበረ ነው አለኝ።

ደጋግሜ አነበብኩት። የአባቴ ማሳ ዳር ላይ እኛ ልጆች የምንጫወትባቸው የተሰባበሩ የሸክላ ስባሪዎች ነበሩ። ከየት እንደመጡ አስቤ አላውቅም።

15ኛውን መልስ አልተርከውም። የድሮውን የስድብ ስም የተጠቀመ ሰው ነበር፤ የመድረኩ ኃላፊዎች አነሱት። ከመነሳቱ በፊት ግን ጉሙዙ ወንድማችን አይቶታል። 16ኛው መልሱ አጭርና የመረረ ሆነ። አርባ ዓመት አብረን ኖረን ስማችንን መጥራት ላቃተው ሰው ታሪክ ማስረዳት ድካም ነው አለ። በ1983 እና ከዚያ በኋላ ሰፋሪና ጉሙዝ ሲጋደሉ አጎቱ ሞቷል። የሰፋሪው ሞት ሲቆጠር የእነሱ አይቆጠርም። የምንጽፈው የእርሻ ታሪክ እነሱን እንደ ደኑ አውሬ አድርጎ የሚያልፍ ከሆነ ባይጻፍ ይሻላል ብሎ ጨረሰ። በዚያ ቀን ሌላ የጻፈ አልነበረም።

ዝምታውን የሰበረው 17ኛው ነው። የሰሜን ሸዋ ሰፋሪ ልጅ ነው። አባቱ በሕይወት አሉ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ እየጠየቃቸው ነው የጻፈው። በመጀመሪያው ክረምት ራሽኑ ዘግይቶ ልጆች ሲጠወልጉ፣ የሚበላውን ቅጠልና ሥር ያሳዩዋቸው የጉሙዝ ሴቶች ናቸው። በአማርኛ የሚግባባ የለም፣ በእጅ ነው። በኋላ አባቱ ከአንድ ጉሙዝ ጋር ወዳጅ ተባባሉ። ፓዌ ያደገ ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። ወዳጅ ማለት ቤቱ የምትገባበት፣ በችግር ቀን እህል የምትበደርበት፣ ጸብ ሲነሳ ደብቆ የሚያሳልፍህ ሰው ነው። አባቱ ዘይትና በርበሬ ይወስዳሉ፣ ማርና ቅል ይዘው ይመለሳሉ። ትራክተሩ ቆሞ በሬም በገንዲ ሲያልቅ፣ መሬትን በመቆፈሪያ ማረስ ያስተማሯቸው እኚሁ ወዳጃቸው ናቸው። ግጭቱ በመጣ ጊዜም ሌሊት መጥተው ከዚህ ውጣ ብለው አስጠነቀቋቸው። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው እንደተቆረጠ ልጃቸው ጽፏል። 18ኛው መልስ የዚያው የጉሙዙ ወንድማችን ነው። የወዳጃቸው ልጆች የት እንዳሉ ጠየቀ፤ ለማፈላለግም ቃል ገባ። የሁለቱ ጨዋታ ከዚያ ወደ ግል መልእክት ሄደ።

ትራክተሮቹን በተመለከተ 19ኛው መለሰልኝ። አባቱ የፕሮጀክቱ መካኒክ ነበር። ነገሩ በአንድ ቀን አልፈረሰም አለ። በ1979 ሁለት ጣሊያናውያን ሠራተኞች በኢሕአፓ ታጣቂዎች ታግተው፣ በኋላ ተለቀዋል። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት ነበር። በ1982 ደርግ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ የማኅበሩ እርሻ መላላት ጀመረ። በ1983 ጦርነቱ ደረሰ፣ ጣሊያኖቹ ወጡ። በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የፈሰሰበት ፕሮጀክት ቆመ። ማሽኑ ከፊሉ ተዘረፈ፣ ከፊሉ በቆመበት ሣር ዋጠው። አባቱ የአንዱን ትራክተር የመሣሪያ ሳጥን ለብዙ ዓመት ጠብቆ አኑሮታል። ተመልሰው ሲመጡ ይፈልጉታል እያለ። እኔም አስታውሳለሁ፤ የዛገ ትራክተር ላይ ወጥተን ሹፌር ነን እንል ነበር።

20ኛው የግብርና ባለሙያ ነው። ከፕሮጀክቱ ሳይፈርስ የቀረው የምርምር ማዕከሉ ነው አለ። የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል በአኩሪ አተር በአገር ደረጃ የታወቀ ነው። ያ ሴቶቹ የደፉት እህል ዛሬ ገበሬው ቤት የሚሠራበት ሆኗል። 5ኛውን መልስ ጠቅሶ ስለ በሬም አከለ። ደኑ እየተመነጠረ ሲሄድ የቆላ ዝንቡ መሸሸጊያ አጣ፣ በሬ ተመለሰ። ወንድሜ አሁን የሚያርሰው በጥማድ በሬ ነው። ባለሙያው ይህን እንደ መልካም ዜና ነው የጻፈው። የ14ኛው መልስ ግን አእምሮዬ ውስጥ ስላለ፣ ደኑ ሲያልቅ የተመለሰ በሬ መሆኑን እያሰብኩ አነበብኩት።

ከ21 እስከ 23 ውኃ ወሰደን። ከጣና በዋሻ ተጠልፎ በለስ ውስጥ የሚገባው ውኃ 460 ሜጋ ዋት ኃይል ያመነጫል። በ2002 ነው የተመረቀው፣ የሠራውም ያው ሳሊኒ ነው። ከዚያ ወዲህ በለስ በበጋም ሙሉ ነው። ድሮ በጋ ላይ ልብሳችንን ሰብስበን እንሻገረው ነበር። አሁን ግራና ቀኙ በእርግጥም ግራና ቀኝ ሆኗል። ከዚያ የስኳር ፋብሪካው ነገር፣ ከዚያ ጉባ ላይ ያለው የህዳሴ ግድብ ተነሳ፤ ክርክሩም ጋለ። መብራቱ ከእኛ ምድር ይሄዳል፣ ለእኛ መንደር ግን ይቆራረጣል የሚል ነበር። አገር ሲጠቀም እኔም ተጠቀምኩ የሚልም ነበር። ኃላፊዎቹ ወደ ርዕሱ መለሱን።

24ኛዋ ስለ 2013 ጻፈች። በመተከል ሰው በማንነቱ ሲገደል እሷና ልጆቿ ሌሊቱን በእግር ወጥተው፣ ጫግኒ መጠለያ ውስጥ ወራት ኖረዋል። እናቷ በ1977 መጠለያ ውስጥ ኖራ ነው ፓዌ የደረሰችው። ራሽን የሚቀበሉበትን ሰልፍ ስታይ እናቷ ዝም ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚህ ሌላ አልጻፈችም። ከሥሩ የመጣው አይዞሽ ብቻ ነው፤ ከጉሙዙ ወንድማችንም ጭምር።

25ኛው የጉሙዙ ወንድማችን ነው። የእኛን መንደር ቁጥር ጠየቀኝ። ነገርኩት፣ ከወንዙ በየትኛው በኩል እንደሆነም ጭምር። በማግስቱ አባቱን ጠይቆ የቦታውን የድሮ ስም ላከልኝ። ስሙ የአንዲት ትንሽ ጅረት ስም ነው። ከጅረቷ አጠገብ ትልቅ ሾላ ነበር፤ አያቱ ቀፎ የሚሰቅሉበት። እሱ ዛፍ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ስሙን ስጠራላት ሳትቆይ ያቺ ልብስ የምናጥብባት ውኃ ናት አለች። አባትሽም እንዲያ ነበር የሚላት፤ ከማን እንደሰማው እንጃ። በ26ኛው መልሴ ይህን ጻፍኩ። የመጀመሪያ ጽሑፌንም ከፍቼ ባዶ ጫካ የሚለውን አወጣሁ። የእርሻው ታሪክ በ1977 ይጀምራል ያልኩትንም አወጣሁ።

27ኛው ወንድሜ የላከው ፎቶ ነው። ሾላው ግማሹ በመብረቅ ተሰንጥቋል፣ ግማሹ ግን ለምልሟል። ሥሩ ላይ የወንድሜ ትንሿ ልጅ ቆማለች። ከቅርንጫፉ ላይ ቀፎ የለም። ጉሙዙ ወንድማችን ፎቶውን አይቶታል። ለአባቱ ሊያሳያቸው እሑድ ወደ ቤት እንደሚሄድ ነግሮኛል።